በገበያ ቀን የተቆጠሩ ትምህርት ቤቶች

የአካባቢያችንን ትምህርት ቤቶች አንዳቸውንም ሳላይ ሁሉንም በቃሌ አውቃቸው ነበር። በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ «የትምህርት ቤቶቻችን አጠቃላይ መግለጫ» የሚባለውን ሰነድ በጽሕፈት መኪና የምመታው እኔ ነበርኩ። ዋናው ለአዲስ አበባ፣ አንደኛው ግልባጭ ለበላይ መሥሪያ ቤት፣ ሁለተኛው ለፋይል ይሄዳል። ሦስተኛው ግልባጭ እንኳን ሊነበብ መመታቱም አይታወቅም፤ እሱን ለራሴ አስቀር ነበር። ስንት ክፍል የሣር ክዳን እንደሆነ፣ ስንት ክፍል ቆርቆሮ እንደለበሰ፣ የትኛው ዲሬክተር አጥር እንዳጠረ፣ የትኛው ሽንት ቤት እንዳስቆፈረ ብትጠይቁኝ እንደ ዳዊት ደጋሚ እወርደው ነበር።

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የመጣሁት በንጉሡ ዘመን፣ የጽሕፈት ሥራ ተምሬ እንደወጣሁ ነው። በወረቀት ላይ ከተማይቱ ሀገረ ሕይወት ናት፤ በሰው አፍ ግን አምቦ ነበረች። እኔም ቀኑን ሙሉ ሀገረ ሕይወት እያልኩ ስመታ ውዬ፣ ለእናቴ ስጽፍ «አምቦ ደህና ነኝ» እላለሁ። ከቢሯችን በር እስከ ገበያው ድረስ «አካም ጂርታ» ያላለኝ ሰው ካለ እንግዳ መሆን አለበት። እኔም በዓመቴ በኦሮምኛ አፌን ፈታሁ፤ ሰላምታ እንኳ ሳልሳሳት ስመልስ ሴቶቹ ይስቁልኝ ነበር።

በቢሯችን ትልቁ ሰው ኃላፊው ቢሆኑም የሚፈሩት ኢንስፔክተሩ ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ኮታቸውን በሐሩርም የማያወልቁ፣ ያላዩትን የማያምኑ ሰው ናቸው። ዲሬክተሮች የሚልኩትን የተማሪ መዝገብ ጫፉን ይዘው እንደ ቆሸሸ ጨርቅ ያነሱታል። «ዲሬክተር ስም መደርደር ይወዳል፤ እኔ የማምነው ዓይኔን ነው» ይላሉ። ስለዚህ በየዓመቱ ጥርና የካቲት፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ራሳቸው እየዞሩ ልጆቹን ይቆጥራሉ። መግለጫው ውስጥ የሚገባው ቁጥር የመዝገቡ ሳይሆን የእሳቸው ዓይን ያየው ነበር።

ታዲያ በየዓመቱ ከዚያ መግለጫ የማትጠፋ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። «ከዋናው መንገድ የራቀው ሕዝብ ለትምህርት ያለው ፍቅር ዝቅተኛ ነው» ትላለች። እንደ ጊንጪ ያሉት፣ አውቶቡስ ሲያልፍባቸው የሚውሉት ትምህርት ቤቶች ሲታዩ ሞልተው ይገኛሉ፤ ከመንገድ ገባ ያሉት ደግሞ ግማሽ በግማሽ ባዶ ናቸው። ሦስት ዓመት መታኋት። በሁለተኛው ዓመት እንዲያውም «ዝቅተኛ» የሚለው ሳስቶብኝ «እጅግ» ጨመርኩበት፤ ኢንስፔክተሩም አነበቡና አለፉት። ሳያጣሩ ወሬ ሳይገሉ ጎፈሬ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ያልገደልኩትን ጎፈሬ በሦስት ግልባጭ ነበር የማበጥረው።

ያቺ ዓረፍተ ነገር ማንን እንደምትጎዳ ያሳወቀኝ አንድ ዲሬክተር ነው። ከአምቦ ወደ ሸነን በሚወስደው በኩል ያለች፣ ስሟን የማልጠራት ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበር፤ እንደ እኔው ወጣት፣ ቀጭን፣ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ የማያጣው። ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። አምስተኛ የሚማር ልጅ አምቦ መውረድ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ የሚያስጠጋ ዘመድ ያስፈልጋል። ዘመድ የሌለው እዚያው ይቀራል። ዲሬክተሩ አምስተኛ ክፍል እንዲከፈትለት በየዓመቱ ያመለክታል፤ በየዓመቱም «ያሉት ክፍሎች ራሳቸው ስላልሞሉ» ተብሎ ይመለሳል።

በሦስተኛው ዓመት መልሱን ስሰጠው ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበና ቀና ብሎ አየኝ።

«ይህን የመታው እጅ የማን ነው?» አለኝ።

«የእኔ ነው።»

«እጅሽ ይባረክ፣ አንድ ስሕተት የለውም። ግን እህቴ፣ በመዝገቤ ያሉትን ልጆች ጅብ ነው የበላቸው?»

መዝገቡን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ አሳየኝ፤ በየሳምንቱ፣ በየስሙ ትይዩ ምልክት አለ። ያ ሁሉ ውሸት ከሆነ ሰውየው ከማስተማር ይልቅ ልብ ወለድ ቢጽፍ ይሻለዋል ብዬ አሰብኩ። ከሄደ በኋላም ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ቢሆንም ታይፒስት ነኝና መምታቴን ቀጠልኩ።

በተከታዩ ዓመት ጥር ላይ ኢንስፔክተሩ ፍል ውሃ ሊታጠቡ ወርደው፣ ዳር ላይ ተንሸራተው ቀኝ እጃቸውን ሰበሩ። ወጌሻ አሽቶ በቀርከሃ አሰራቸው። ጉብኝቱን እንዲያስተላልፉ ቢለመኑ «ዓይኔ አልተሰበረም» አሉ። መጻፍ ግን አይችሉምና እጅ ሆና የምትሄድ ተፈለገች፤ ያቺም እኔ ሆንኩ። ደስታዬን ለመደበቅ ብዙ ተጨነቅሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ በፊደል የማውቃቸውን ትምህርት ቤቶች በአካል ላያቸው ነዋ! ያለችኝን አንዲት ባለ ተረከዝ ጫማ ቀለም ቀብቼ ተነሣሁ።

ጊንጪ በአውቶቡስ ደርሰን ተመለስን። ቀኑ ረቡዕ ነበር፤ ክፍሎቹ ጢም ብለዋል፤ ልጆቹ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሲዘምሩልን ጣሪያው የሚነሣ መሰለኝ። ኢንስፔክተሩ በጣም ተደሰቱ።

በሳምንቱ ወደዚያች ትንሽ ከተማ ወጣን። ወደዚያ አውቶቡስ የለም፤ የሚወጣው አንድ የጭነት መኪና ነው፤ እሱም በሳምንት አንድ ቀን። ኢንስፔክተሩ ከሾፌሩ ጋር ጋቢና ገቡ። እኔን ጨው የጫነች ሴትዮ ከጎኗ አስቀምጣ ወገቤን ይዛኝ መጣች። ከኋላዬ ሸማኔ፣ ከፊቴ ሁለት ፍየል፣ ከእግሬ ሥር ደግሞ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ድስት ነበር። መኪናው አንድ ወንዝ ሲሻገር ዘለለና የቀኝ ጫማዬ ተረከዝ ድስቱ ውስጥ ቀረ። ሴትዮዋ ተረከዙን አውጥታ «ይኸው ልጅሽ» ብላ ሰጠችኝ፤ መኪናው ሙሉ ሰው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ትምህርት ቤቱ ስንደርስ ሳቄ ቆመ። አራት ክፍል፣ በሥርዓት የተጠረገ ግቢ፣ ልቅም ያለ አጥር፣ ልጅ ግን የለም ማለት ይቻላል። ሦስት ልጅ ሊቀመጥበት በሚችለው ዴስክ ላይ አንድ አንድ ልጅ ቁጭ ብሏል፤ ባዶ ዴስክም ሞልቷል። ዲሬክተሩ በሩ ላይ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። ኢንስፔክተሩ በግራ እጃቸው ጣት እየጠቆሙ ቆጠሩ።

«ጻፊ» አሉኝ፤ «ከተመዘገቡት ከግማሽ በታች።»

ጻፍኩ። ዲሬክተሩን ቀና ብዬ ለማየት አፈርኩ።

ምሳ እስኪደርስ ጫማዬን የሚሰፋልኝ ሰው ፍለጋ እያነከስኩ ወደ ገበያው ወረድኩ። ሽንኩርት ከዘረጉት መካከል አሥራ አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ ተቀምጣለች፤ ሹሩባዋ ውስጥ እርሳስ ሰክታለች። እጄ ላይ ያለውን ደብተር አየች።

«እትዬ፣ ኢንስፔክተሩ መጡ እንዴ?» አለችኝ።

«በምን አወቅሽ?»

«በየዓመቱ በገበያ ቀን ነው የሚመጡት። እኛ ግን አይተናቸው አናውቅም።»

«አንቺ ተማሪ ነሽ?»

«ኤዬ፣ አዎ። አራተኛ ክፍል ነኝ። ዘንድሮ ሦስተኛዬ ነው።»

«ምነው፣ እየወደቅሽ ነው?»

እንዲህ የተቆጣች ልጅ አላየሁም። ሽንኩርቱን ከእጇ ጣለችው። «እኔ ልወድቅ? አንደኛ ነው የምወጣው! አምስተኛ ስለሌለ ነው። ቤት ከምቀመጥ ብዬ መልሼ እገባለሁ፤ መምህሩም ዝም ይሉኛል። አባቴ ግን ዘንድሮ የመጨረሻሽ ነው ብሏል። መስከረም ላይ አምስተኛ ካልተከፈተ ለባል ይሰጠኛል።»

ይህን ስትል ድምፅዋ አልተለወጠም። «ሌሎቹ ተማሪዎችስ የት አሉ?» አልኳት። ልጅቷ በአገጯ ታሳየኝ ጀመር። ያ ፍየል የያዘው ሁለተኛ ክፍል ነው። ያቺ የቅቤ ቅል የታቀፈችው ሦስተኛ። ከእህል ተራው የቆሙት ሁለቱ እህትማማቾች አንደኛ። «ያ አህያ የሚጎትተው ከእኔ ጋር ነው፣ ማካፈል አይችልም» አለችኝ። ገበያው ውስጥ ያለው ሕፃን ሁሉ፣ ያ መዝገብ ላይ ያየሁት ስም ሁሉ፣ እዚያ ቆሞ ከእናት ከአባቱ ጋር ይሸጣል ይለውጣል።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ወደዚህ የሚወጣ መኪና ያለው በገበያ ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ኢንስፔክተሩ የሚመጡት በገበያ ቀን ብቻ ነው። በገበያ ቀን ደግሞ ልጅ ቤተሰቡን ያግዛል። በቀሩት አራት ቀናት ክፍሉ ሙሉ ቢሆን ማን አይቶት? ከመንገድ የራቀው ትምህርት ቤት ሁሉ እንደዚሁ ነው። ጊንጪ ግን አውቶቡስ በየቀኑ አለና በፈለግነው ቀን ሄደን ሞልቶ አገኘነው። የሕዝቡ ፍቅር አልነበረም ያነሰው። እኔ ግን «እጅግ» ጨምሬበታለሁ! ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጥኩ።

ኢንስፔክተሩ የተቀቀለ እንቁላል በግራ እጃቸው ለመላጥ ይታገሉ ነበር። ነገርኳቸው።

«ታዲያ ገበያ ለምን ከትምህርት ይበልጥባቸዋል?» አሉ።

«ጌታዬ፣ እኛስ ለምን በገበያ ቀን መጣን?»

«በሌላ ቀን መኪና የለማ!»

«እነሱም በሌላ ቀን ገበያ የላቸውም።»

እንቁላሉን አስቀመጡት። ከዚያ ወደ ዲሬክተሩ ዞረው «አንተ ለምንድን ነው ይህን ሁሉ ዓመት ያልነገርከኝ?» አሉት።

ዲሬክተሩ መሬት መሬት እያየ «እርስዎ ሆን ብለው በገበያ ቀን የሚመጡ መስሎኝ ነው» አለ። «ሊፈትኑኝ መስሎኝ። ደግሞ ልጆቹ በገበያ ቀን ይቀራሉ ብዬ ብጽፍ፣ ማን ፈቀደላቸው ተብዬ እጠየቃለሁ። ሥራዬን ፈራሁ ጌታዬ።»

ሁለቱም ሐቀኛ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም ዝም ተባብለው ስንት ዓመት አለፈ! ሳቅም ንዴትም ያዘኝ። «እሺ፣ አሁንስ ምን ይሻላል?» አልኩ፤ ታይፒስት መሆኔን ረስቼው ነበር።

ኢንስፔክተሩ ተነሡ። «እኔ ያላየሁትን አልጽፍም» አሉ። «መኪናው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አይጠብቀንም። መዝገብህን ያዝና ተከተለኝ።»

ዲሬክተሩ መዝገቡንና ደወሉን ያዘ። ደወሉ ከአሮጌ መኪና ጎማ የወጣ ቸርኬ ነበር፤ ሁለት ትልልቅ ልጆች ተሸከሙለት። ኢንስፔክተሩ በሾፌሩ እየተደገፉ ጭነቱ የወረደለት መኪና ላይ ወጡ፤ የታሰረ እጃቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ከገበያው በላይ ቆሙ። ደወሉ ሲመታ ገበያው በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ዲሬክተሩ ጉሮሮውን ጠርጎ የመጀመሪያውን ስም ጠራ።

መልስ የለም። ሁለተኛውን ጠራ። እንደገና ጸጥታ። እንዲያውም እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ኋላቸው ሲሸሽጉ አየሁ።

«ኦቦ፣ ምንድን ነው? ለግብር ነው?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

መዝገብ ይዞ ስም የሚጠራ ባለሥልጣን ሲመጣ ሌላ ምን ይጠበቃል? እኔም ብሆን እሸሸግ ነበር። ያን ጊዜ ሽንኩርት ሻጯ ልጅ ቅርጫቷን ገልብጣ ላዩ ላይ ወጣችና በኦሮምኛ ጮኸች። ምን እንዳለች በደንብ ገባኝ፤ «ለግብር አይደለም! ለአምስተኛ ክፍል ነው! የተጠራ ይመልስ!» ነው ያለችው።

የመጀመሪያው ስም ድጋሚ ተጠራ። ከእህል ተራው «አለሁ!» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ከፍየሎቹ መካከል «ነን ጂራ!» ተባለ። ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁመው! ከጨው፣ ከሸክላ፣ ከበርበሬ፣ ከየጥላው ሥር እጅ ይወጣል። የሚመልስ ሁሉ ዕቃውን ጥሎ ወደ መኪናው ይሮጣል፤ በየክፍሉ ይሰለፋል። በርበሬ ሻጯ ልጅ እያስነጠሰች ነበር የመለሰችው። አንድ አባት «ልጄ ከብት ሊያጠጣ ወንዝ ወርዷል፣ እሱንም ጻፉት!» አሉ። ኢንስፔክተሩ ከላይ ሆነው «ያልታየ አይጻፍም!» ሲሉ፣ ሰውየው ራሳቸው ዱላቸውን ጥለው ወደ ወንዙ ሲሮጡ ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ልጁን እያስሮጡ አመጡት፤ ውሃ እየተንጠባጠበ «አለሁ» አለ። እኔም በተጠራው ስም ልክ ደብተሬ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። በመጨረሻ ከመዝገቡ የጎደሉት ሁለት ብቻ ሆኑ፤ እነሱም ታመው ተኝተዋል፣ ጎረቤት መሰከረ።

የሽንኩርት ሻጯ ልጅ ስም ሲጠራ ከቅርጫቱ ሳትወርድ መለሰች። ኢንስፔክተሩ አዩዋት።

«አራተኛን ሦስት ጊዜ የተማርሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«አምስተኛ ክፍል ምን ሊያስተምሩሽ ነው?»

«አላውቅም» አለች። «የምፈልገውም ለዚሁ ነው።»

ስንመለስ ኢንስፔክተሩ ጋቢናውን ለጨው ሴትዮዋ ለቀቁላትና ከእኔ ጋር ከኋላ ተቀመጡ። አምቦ ልንገባ ስንል በራሳቸው ላይ መሳቅ ጀመሩ፤ የተሰበረው እጃቸው እስኪያማቸው ሳቁ። «ስንት ዓመት ሙሉ ሰዎቹ ውጭ ቆመው ሳሉ፣ እኔ ባዶ ቤት እያንኳኳሁ ማንም የለም እያልኩ እመለሳለሁ» አሉኝ።

ግንቦት ላይ መግለጫውን ሲያስጽፉኝ ያቺን ዓረፍተ ነገር አወጧት። በምትኳ «ያለፉት ዓመታት ቆጠራ በገበያ ቀን የተደረገ ስለነበረ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የእኔ ነው» አሉ። ኃላፊው «‹የእኔ ነው› የምትለውን እንኳ ብናወጣት» ብለው ለመኗቸው። እሳቸው ግን «ተይ፤ አትንኪያት» አሉኝና ገና ባልበረታ እጃቸው ፈረሙበት። ስለ እሳቸው ከዚያ በፊት ያማሁትን ሁሉ በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ክረምቱ ረጅም ነበር። ሐምሌ ዝም። ነሐሴ አጋማሽ ዝም። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር መዝገብ ቤት ሄጄ እቆማለሁ፤ የልጅቷ አባት መስከረምን እየቆጠሩ እንደሆነ አውቃለሁና እንቅልፍም አልነበረኝም። የነሐሴ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ፈቃዱ መጣ፤ አንድ አምስተኛ ክፍል፣ ከአንድ መምህር ጋር። ለዲሬክተሩ የሚላከውን ደብዳቤ ስመታ ሦስት ጊዜ አበላሽቼ ቀደድኩ። እሱን ይዞ የሚሄድ መኪና በዚያ ጭቃ ስለማይገኝ ኢንስፔክተሩ ከኪሳቸው በቅሎ ተከራይተው ሰው ላኩበት።

ኅዳር ላይ፣ ሐሙስ ቀን ተመርጦ፣ በበቅሎ ወጣን። ገበያው ሜዳ ላይ አንድ ሰው የለም። ክፍሎቹ ግን በልጅ ተሞልተው በመስኮት ሊፈሱ ምንም አልቀራቸውም። አምስተኛ ክፍል አዲስ የተለቀለቀ ጭቃ ይሸታል። ልጅቷ ከፊት ነበረች። ለዕረፍት እንደተደወለ ደብተሯን ይዛ ወደ እኔ እየሮጠች መጣች። ሦስት ዓመት በአራተኛ ክፍል ስትቀመጥ አንድም ጥያቄ ስታ አታውቅም ነበር፤ የሚያስተምሯትን ሁሉ ቀድማ ታውቀው ነበርና። የሒሳቡን ገጽ ገልጣ ዘረጋችልኝ፤ መሀሉ ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ ኤክስ ተደርጎበታል። የሷ ፊት ግን እንደ ሙሽራ ያበራል። እኔ እንባዬ መጣ።

«እትዬ፣ እዩት!» አለችኝ፣ በጣቷ እየነካችው። «ተሳሳትኩ! ይህን አላውቀውም ነበር!»